ቁልቁለት የሚመልሰው ጉልበት፦ ከውድድር መኪና እስከ ጊቤ መንገድ

ከወልቂጤ ተነስቶ ወደ ጅማ የሚጓዝ መንገደኛ ከከተማዋ ከወጣ በኋላ መንገዱ ወደ ጊቤ ሸለቆ ማዘቅዘቅ ይጀምርለታል። አየሩ ይሞቃል፤ ጆሮ ይደፈናል፤ የጭነት መኪና ሹፌሮች ማርሽ ይቀንሳሉ። ወልቂጤ ከባሕር ጠለል በላይ 1,900 ሜትር ገደማ ላይ ስትገኝ የጊቤ ሸለቆ ወለል ግን 1,100 ሜትር ገደማ ነው። በዚህ 800 ሜትር ያህል ቁልቁለት ላይ ከባድ ጭነት የያዘ ተሽከርካሪ በፍሬን ብቻ ለመውረድ ከሞከረ የፍሬን ሸራው ይግላል፤ የመቃጠል ሽታ ያመጣል፤ ሙቀቱ ከልክ ሲያልፍም ፍሬኑ መያዝ ሊያቅተው ይችላል።

ያ ሽታ የባከነ ጉልበት ሽታ ነው። መኪናው ቀደም ሲል ወደ ከፍታው ለመውጣት ነዳጅ አቃጥሏል። ሲወርድ ደግሞ ያ በውድ ዋጋ የተገኘ ከፍታ በፍሬኑ ላይ ሙቀት ሆኖ ወደ አየር ይበተናል። ባለንብረቱ ለዳገቱ በነዳጅ ይከፍላል፤ ለቁልቁለቱ ደግሞ በፍሬን ሸራ ይከፍላል።

ለመሆኑ ይህን ጉልበት ይዞ ማስቀረትና መልሶ መጠቀም አይቻልም? ይቻላል። ይህን የሚሠራው ዘዴ በዓለም የመኪና ውድድር ሜዳዎች ላይ በሰከንድ ክፍልፋይ አሸናፊን ከተሸናፊ የለየ ሲሆን፣ ዛሬ ደግሞ በአገራችን መንገዶች ላይ በሚታዩት የኤሌክትሪክ አውቶሞቢሎች ውስጥ ተገጥሞ እየገባ ነው። ይሁን እንጂ ዘዴው ምን እንደሚመልስና ምን እንደማይመልስ ሳያውቁ መንገድ መጀመር፣ በተለይ እንደ ጊቤ ባለ ቁልቁለት ላይ፣ ለኪሳራም ለአደጋም ሊዳርግ ይችላል።

ጉልበት አይጠፋም፤ መልኩን ይለውጣል

በሳይንሱ አጠራር ኢነርጂ የሚባለው ጉልበት ከምንም አይፈጠርም፤ ፈጽሞም አይጠፋም። የሚሆነው ነገር መልክ መለዋወጥ ብቻ ነው። በግድብ የተከተረ ውኃ በከፍታው ጉልበት ይዟል፤ ሲወርድ ያ ጉልበት እንቅስቃሴ ይሆናል፤ ተርባይኑን ሲያዞር ደግሞ ኤሌክትሪክ ይሆናል። ተራራ ላይ የቆመ መኪናም እንደ ተከተረው ውኃ ነው። የሚሮጥ መኪናም እንዲሁ በእንቅስቃሴው ጉልበት ተሸክሟል።

ፍጥነት ሲጨምር ይህ ጉልበት በእጥፍ ብቻ አያድግም። በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር የሚሮጥ መኪና በ50 ኪሎ ሜትር ከሚሮጠው አራት እጥፍ ጉልበት አለው። ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ለማቆም የሚያስፈልገው ርቀትም ሆነ በፍሬኑ ላይ የሚፈጠረው ሙቀት በብዙ የሚያድገው በዚህ ምክንያት ነው።

የተለመደው ፍሬን የሚያውቀው መንገድ አንድ ብቻ ነው። ሸራውን ከዲስክ ወይም ከከበሮ ጋር አፋትጎ እንቅስቃሴን ወደ ሙቀት ይለውጣል። በፎርሙላ ዋን መኪኖች ላይ የፍሬን ዲስኩ እስከ 1,000 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ሊግልና እንደ ከሰል ፍም ሊቀላ ይችላል። መሐንዲሶችን ያስቆጫቸው ይህ ነበር። መኪናው በአንድ ዙር ውስጥ ደጋግሞ ይፈጥናል፤ ደጋግሞም ይቆማል። በቆመ ቁጥር የሚበተነውን ሙቀት ከመሆኑ በፊት ቢይዙት፣ ከኩርባው ሲወጡ መልሰው ሊጠቀሙበት ይችላሉ።

መያዣው የኤሌክትሪክ ሞተር ነው። የኤሌክትሪክ ሞተር ሁለት ባሕርይ አለው፦ ኤሌክትሪክ ሲሰጡት ይዞራል፤ በሌላ ጉልበት ሲያዞሩት ደግሞ ኤሌክትሪክ ያመነጫል። ስለዚህ ሹፌሩ እግሩን ከነዳጅ መስጫው ሲያነሳ ወይም ፍሬን ሲረግጥ፣ ጎማዎቹ ሞተሩን ያዞሩታል፤ ሞተሩም ጄኔሬተር ሆኖ ባትሪውን ይሞላል። ኤሌክትሪክ ማመንጨት ጉልበት ስለሚጠይቅ ጎማዎቹ ይከብዳቸዋል፤ መኪናውም ይዘገያል። ሹፌሮች ማርሽ ቀንሰው ሲወርዱ ሞተሩ መኪናውን ይዞ እንደሚያቆየው ማለት ነው። ልዩነቱ ይህኛው የያዘውን መልሶ መስጠቱ ነው።

ባትሪም ብቸኛው ማከማቻ አይደለም። የልብስ ስፌት መኪና በእግሩ የሚነዳ ሰው እግሩን ካቆመ በኋላም ትልቁ ሽክርክሪት ለጥቂት ጊዜ መዞሩን እንደሚቀጥል ያውቃል። በዚሁ መርህ በፍጥነት በሚሽከረከር ከባድ ጎማ ውስጥ ጉልበትን ማቆየት ይቻላል። የአውዲ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2012 በፈረንሳይ የሚካሄደውን የ24 ሰዓት የለ ማን ውድድር ያሸነፈው የፍሬንን ጉልበት በእንዲህ ያለ ሽክርክሪት በሚያከማች መኪና ነበር። በዚያ ውድድር ታሪክ ነዳጅንና ኤሌክትሪክን ያጣመረ መኪና ሲያሸንፍ የመጀመሪያው ሆኗል።

በሰባት ሰከንድ ውስጥ የሚለቀቅ ጉልበት

ፎርሙላ ዋን ይህን ዘዴ የፈቀደው እ.ኤ.አ. በ2009 ነው። ደንቡ ጥብቅ ነበር፦ አንድ መኪና በአንድ ዙር ከ400 ኪሎ ጁል በላይ የተሰበሰበ ጉልበት መልቀቅ አይችልም፤ የሚለቀቅበት አቅምም ከ60 ኪሎ ዋት፣ ማለትም ከ80 የፈረስ ጉልበት ገደማ መብለጥ የለበትም። ሹፌሩ በመሪው ላይ ያለውን ቁልፍ ሲጫን ይህ ተጨማሪ ግፊት ለ6.67 ሰከንድ ያህል ይሠራል፤ ከዚያ ያልቃል።

400 ኪሎ ጁል ምን ያህል ነው? 3.5 ኪሎ ዋት የሚወስድ የእንጀራ ምጣድ ይህን ጉልበት ሁለት ደቂቃ ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ይጨርሰዋል። ጊዜው አንድ እንጀራ ለማውጣት እንኳ ላይበቃ ይችላል። ነገር ግን ያው ጥቂት ጉልበት በሁለት ደቂቃ ፈንታ በሰባት ሰከንድ ውስጥ ሲለቀቅ አሥራ ሰባት ምጣዶች በአንድ ጊዜ እንደተሰኩ ያህል ይሆናል። የጉልበት መጠንና ጉልበቱ የሚለቀቅበት ፍጥነት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የመጀመሪያው በቆጣሪ ላይ በኪሎ ዋት ሰዓት የምንከፍልበት ሲሆን፣ ሁለተኛው በኪሎ ዋት የሚለካው አቅም ነው።

በዚህ ጥቂት ጉልበት ውድድሮች ተሸንፈዋል፤ ተገኝተዋልም። ሌዊስ ሃሚልተን እ.ኤ.አ. ሐምሌ 26 ቀን 2009 በሃንጋሪ በማክላረን መኪና ሲያሸንፍ በዚህ ዘዴ የተገኘ የመጀመሪያው የፎርሙላ ዋን ድል ሆነ። በቀጣዩ ወር በቤልጅየም የፌራሪው ኪሚ ራይኮነን ከረጅሙ ዳገት በኋላ ባለው ቀጥተኛ መንገድ ላይ ቁልፉን ተጭኖ የፎርስ ኢንዲያውን ጂያንካርሎ ፊዚኬላን ቀደመ። የፊዚኬላ መኪና ዘዴው አልተገጠመለትም ነበር። እስከ መጨረሻው ከኋላው ተጠግቶ ቢከተለውም ሊያልፈው አልቻለም፤ ራይኮነን ከአንድ ሰከንድ ባነሰ ልዩነት አሸነፈ።

ከዚያ ወዲህ ደንቡ ለተሰበሰበ ጉልበት የሚሰጠው ቦታ እየሰፋ ሄዷል። እ.ኤ.አ. በ2014 አቅሙ ወደ 120 ኪሎ ዋት ከፍ አለ፤ በአንድ ዙርም ለ33 ሰከንድ ያህል እንዲሠራ ተፈቀደ። እ.ኤ.አ. ከ2026 ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው ደንብ ደግሞ ወደ 350 ኪሎ ዋት አሳድጎታል። ሙሉ በሙሉ በኤሌክትሪክ በሚካሄደው የፎርሙላ ኢ ውድድር እ.ኤ.አ. በ2023 የገቡት መኪኖች በውድድር ወቅት ከሚጠቀሙበት ጉልበት 40 በመቶ የሚሆነውን ከፍሬን እንዲሰበስቡ ተደርገው የተሠሩ ናቸው።

ከውድድር ሜዳ ወደ መንገዳችን

ዘዴውን የፈጠረው የመኪና ውድድር ነው ማለት አይደለም። የኤሌክትሪክ ባቡሮች ከዚያ አስቀድመው ተጠቅመውበታል፤ የቶዮታ ፕሪየስ የቤት መኪናም እ.ኤ.አ. በ1997 ይዞት ለገበያ ቀርቧል። የውድድሩ ድርሻ ባትሪው፣ ሞተሩና መቆጣጠሪያው ይበልጥ እንዲያንስ፣ እንዲቀልና ብዙ ጉልበትን በአጭር ጊዜ እንዲቀበል መሐንዲሶችን ማስገደዱ ነው።

በአገራችን ጉዳዩ የሩቅ ወሬ መሆኑ ከቀረ ቆይቷል። በአትሌት ኃይሌ ገብረሥላሴ የተመሠረተው ማራቶን ሞተር ኢንጂነሪንግ በ2012 ዓ.ም. የሃዩንዳይ የኤሌክትሪክ አውቶሞቢል በአገር ውስጥ ገጣጥሞ አቅርቧል። በጥር ወር 2016 ዓ.ም. ደግሞ የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስትሩ ዓለሙ ስሜ የኤሌክትሪክ ካልሆኑ በስተቀር አውቶሞቢሎች ወደ አገር ውስጥ እንደማይገቡ አስታወቁ። ከዚያ ወዲህ አዲስ አውቶሞቢል ለመግዛት የሚያስብ የወልቂጤ ወይም የቡታጅራ ነዋሪ ከፊቱ የሚያገኘው በአብዛኛው የኤሌክትሪክ ተሽከርካሪ ነው። ስለዚህ በውድድር ሜዳ የታየው ጥያቄ፣ ማለትም ከፍሬን ምን ያህል ይመለሳል የሚለው፣ የቤተሰብ ወጪ ጥያቄ ሆኗል።

የጊቤ ቁልቁለት ሒሳብ

ሒሳቡን በምናውቀው መንገድ ላይ እንሥራው። ከነተሳፋሪዎቹ 1,600 ኪሎ ግራም የሚመዝን የኤሌክትሪክ አውቶሞቢል ከወልቂጤ ወደ ጊቤ ይወርዳል እንበል። የ800 ሜትሩ ከፍታ ለዚህ መኪና 3.5 ኪሎ ዋት ሰዓት የሚያህል ጉልበት ይሰጠዋል። ይህ ከላይ የጠቀስነው ምጣድ አንድ ሰዓት ሙሉ ሲሠራ የሚፈጀው ነው።

ነገር ግን ይህ ሁሉ ወደ ባትሪው አይገባም። በመጀመሪያ ጎማው ከአስፋልቱ ጋር ሲንከባለል፣ መኪናውም አየሩን ሰንጥቆ ሲያልፍ የሚጠፋ አለ። በመጠነኛ ፍጥነት ሲነዳ ይህ ከግማሽ በላዩን ይወስዳል። ይህ ድርሻ ባከነ ሊባል ግን አይችልም፤ መኪናውን ከባትሪው ሳይቀንስ ወደ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚያደርሰው እርሱ ነው። በሁለተኛ ደረጃ የቀረው ጉልበት ከጎማ ወደ ሞተር፣ ከሞተር ወደ ባትሪ ሲተላለፍ በየደረጃው ጥቂት ጥቂት ይሸረፋል። በመጨረሻ ወደ ባትሪው የሚገባው አንድ ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ይሆናል። ይህም በሜዳ ላይ ስድስት ኪሎ ሜትር ያህል ያስኬዳል።

አሁን መኪናው ዞሮ ወደ ወልቂጤ ይመለሳል። ከፍታውን ለመውጣት፣ የጎማውንና የአየሩን ተቃውሞ ለማሸነፍ፣ በመንገድ ላይ የሚሸረፈውንም ለመሸፈን ከስድስት ኪሎ ዋት ሰዓት በላይ ያስፈልገዋል። ሲወርድ ባትሪው ላይ የጨመረው አንድ ነው፤ ሲወጣ የሚከፍለው ስድስት ነው።

ይህ ግምት እንደ መኪናው ክብደት፣ እንደ ፍጥነቱና እንደ አነዳዱ ከፍ ወይም ዝቅ ይላል። ዋናው ቁም ነገር ግን አይለወጥም። ዘዴው ጉልበትን ይመልሳል እንጂ አይፈጥርም። ቁልቁለቱን ሲወርዱ በመሪው ፊት ያለው ሰሌዳ የሚያሳየው "የቀረ ኪሎ ሜትር" ሳይቀንስ ሲቆይ፣ እንዲያውም ሲጨምር የተመለከተ ሹፌር ለመልሱ ጉዞ የሚበቃ ባትሪ አለኝ ብሎ ቢተማመን ዳገቱ መካከል ሊቆም ይችላል። ኃይል መሙያ ጣቢያ በሌለበት የሸለቆ መንገድ ላይ መቆም ደግሞ ቀላል ችግር አይደለም።

ሊታወቁ የሚገባቸው ጥንቃቄዎች

የመጀመሪያው ጥንቃቄ ባትሪን ሙሉ በሙሉ ሞልቶ ረጅም ቁልቁለት አለመጀመር ነው። አፉ ድረስ በሞላ እንስራ ላይ ውኃ መጨመር እንደማይቻል ሁሉ፣ መቶ በመቶ የሞላ ባትሪም ተጨማሪ ጉልበት መቀበል አይችልም። በዚህ ጊዜ የሞተሩ መያዝ ይዳከማል ወይም ይቋረጣል፤ ሥራው ሁሉ በተለመደው ፍሬን ላይ ይወድቃል። ሌሊቱን ሙሉ ወልቂጤ ላይ ሞልቶ ጠዋት ወደ ጊቤ የሚወርድ ሰው መኪናው ትናንት እንደያዘለት ዛሬ ላይይዝለት እንደሚችል ማወቅ አለበት። ከቁልቁለት በፊት ከ80 እስከ 90 በመቶ ሞልቶ ማቆም ጉልበትንም ፍሬንንም ያድናል።

ሁለተኛው በፎሌ አለመውረድ ነው። አንዳንድ ሹፌሮች ነዳጅ ለመቆጠብ ሲሉ መኪናውን ከማርሽ አውጥተው ይለቁታል። ይህ በነዳጅ መኪና ላይ አደገኛ ልማድ ነው፤ በኤሌክትሪክ መኪና ላይ ደግሞ አደገኛም ኪሳራም ነው። ሞተሩ ሳይያያዝ ጉልበት አይሰበሰብም፤ መኪናውም የሚይዘው ነገር አያገኝም። በብዙ የኤሌክትሪክ መኪኖች ላይ የመያዙን መጠን ዝቅ ወይም ከፍ የሚያደርግ ማስተካከያ አለ። ረጅም ቁልቁለት ከመጀመራቸው በፊት ከፍ ወዳለው ደረጃ ማዞር ይመረጣል።

ሦስተኛው የተለመደውን ፍሬን አለመዘንጋት ነው። በኤሌክትሪክ መኪና ላይ የፍሬን ሸራ ቶሎ አያልቅም፤ ይህ ለባለንብረቱ ትልቅ ቁጠባ ነው። ነገር ግን ብዙ የማይነካ ፍሬን በክረምቱ ዝናብና ጭቃ ሊዝግ፣ አንዳንዴም ሊጣበቅ ይችላል። ድንገተኛ አደጋ ሲመጣ መኪናውን አጥብቆ የሚያቆመው ደግሞ አሁንም ይኸው ፍሬን ነው። ስለዚህ አልፎ አልፎ ባዶ ቦታ ላይ ጠንከር አድርጎ መርገጥና በየጊዜው በመካኒክ ማስፈተሽ ያስፈልጋል።

አራተኛው በሚያንሸራትት መንገድ ላይ እግርን ከነዳጅ መስጫው በድንገት አለማንሳት ነው። ሞተሩ ጎማውን ሲይዝ ፍሬን እንደተረገጠ ያህል ስለሆነ፣ በእርጥብ ኮረኮንች ላይ ጎማው ሊንሸራተት ይችላል።

ማን የበለጠ ይጠቀማል?

ጉልበት የሚመለሰው መኪናው በሚዘገይበት ወይም ቁልቁለት በሚወርድበት ጊዜ ብቻ ነው። ስለዚህ ከቡታጅራ ወደ አዲስ አበባ በተመሳሳይ ፍጥነት ረጅም መንገድ የሚጓዝ ሰው ከዚህ ዘዴ የሚያገኘው ጥቂት ነው፤ ብዙውን ጉልበት አየሩና ጎማው ይወስዱበታል። በከተማ ውስጥ ከመናኸሪያ ወደ ገበያ፣ ከገበያ ወደ ሆስፒታል እየቆመ የሚነሳ ተሽከርካሪ ግን በቆመ ቁጥር ይሰበስባል። ለነዳጅ መኪና እጅግ አባካኝ የሆነው የከተማ ምልልስ ለኤሌክትሪክ መኪና የሚመቸው አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

የኤሌክትሪክ ባጃጅ ወይም ሞተር ሳይክል ለመግዛት ያሰበ ሰው ግን ሻጩን አስቀድሞ መጠየቅ ይኖርበታል። ሁሉም ይህ ዘዴ የላቸውም። ቢኖራቸውም ክብደታቸውና ፍጥነታቸው አነስተኛ ስለሆነ የሚመልሱት በዚያው መጠን ያነሰ ነው።

ለአርሶ አደሩ የሚያስደስተው ጉዳይ ደግሞ ጭነት ነው። ክብደት በጨመረ ቁጥር ቁልቁለት የሚመልሰው ጉልበት ይጨምራል። በስዊዘርላንድ አንድ የሲሚንቶ ፋብሪካ ከተራራ ላይ ድንጋይ ጭኖ የሚወርድ ትልቅ የኤሌክትሪክ ገልባጭ መኪና አለው። ሙሉ ጭነት ይዞ ሲወርድ የሚሰበስበው ጉልበት ባዶውን ለመውጣት ስለሚበቃው ከውጭ ኤሌክትሪክ መሙላት እምብዛም አያስፈልገውም። መርሁ ለደጋው ምርት ይስማማል። ከጉመር ከፍታ ድንችና ገብስ ጭኖ ወደ ወልቂጤ ወይም ወደ ቡታጅራ የሚወርድ፣ ሲመለስ ግን የሚቀለው የጭነት መኪና አንድ ቀን ኤሌክትሪክ ቢሆን ከቁልቁለቱ የሚያገኘው ከአውቶሞቢሉ እጅግ የበለጠ ነው። ከቆላው ወደ ደጋው የሚጫን ከሆነ ግን ሒሳቡ ይገለበጣል። ተሽከርካሪ በጋራ ለመግዛት የሚመክር የኅብረት ሥራ ማኅበር አስቀድሞ ሊጠይቅ የሚገባው ጥያቄም ይኸው ነው፦ ጭነታችን ወዴት ነው የሚሄደው፣ ወደ ታች ወይስ ወደ ላይ?

በእርግጥ አንድን ጉልበት ሁለት ጊዜ መጠቀም ለአካባቢያችን እንግዳ ሐሳብ አይደለም። ከወልቂጤ ባሻገር ባለው የጊቤ ተፋሰስ ላይ የግልገል ጊቤ አንድ ጣቢያ በተከተረው ውኃ 184 ሜጋ ዋት ያመነጫል። ውኃው ከዚያ ሲወጣ ዝም ብሎ አይፈስም፤ 26 ኪሎ ሜትር በሚረዝም ዋሻ ተጉዞ ወደ ታች ይወረወርና በጊቤ ሁለት ጣቢያ እንደገና 420 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ይሆናል። ሁለተኛው ጣቢያ የራሱን ትልቅ ግድብ መሥራት አላስፈለገውም፤ የመጀመሪያው የለቀቀውን ውኃና የቀረውን ከፍታ ይዞ ሥራ ላይ አዋለ።

የኤሌክትሪክ መኪናም በዚያው ሸለቆ ቁልቁለት ላይ የሚሠራው በትንሹ ይህንኑ ነው። ለዳገቱ የተከፈለውን ሁሉ አይመልስም፤ ከስድስቱ አንዱን ይመልሳል፤ በፍሬኑ ላይ ይቃጠል የነበረውንም ሙቀት ያስቀራል። ይህን ልክ አውቆ፣ ባትሪውን ሳያስሞላ ወደ ቁልቁለቱ የሚገባ፣ ለመልሱ ዳገት የሚበቃውንም አስቀርቶ የሚወርድ ሹፌር በሰላም ይደርሳል፤ በሰላምም ይመለሳል።